የአጋዘን ቀንድ ልኬት ስለ እንስሳው እንጂ ስለ አዳኙ አይደለም፦ የምላሽ ጽሑፍ

በሰሜን አሜሪካ ስለሚካሄደው የአጋዘን አደን በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ጥቂት ነው። ስለሆነም አዳኞች ቀንድ ለክተው ነጥብ መስጠታቸውን የሚተቸውን፣ በቅርቡ የወጣውን ረጅም ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው ለዱር አራዊት ያላቸው አክብሮት ከልብ የመነጨ መሆኑ ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ ስለ አደን ሥነ ምግባር ካነሷቸው ነጥቦችም የምስማማባቸው አሉ። ነገር ግን የልኬቱን ሥርዓት ራሱን በተሳሳተ መንገድ ስለገለጹት፣ በዚያ ገለጻ ላይ ያቆሙት ፍርድም አብሮ ተሳስቷል። ጽሑፉን አምኖ የሚቀበል አዲስ አዳኝ፣ በተለይም እዚህ አገር መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የአደን ፈቃድ ያወጣ ወገናችን፣ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ሳያውቅ ይቀራል ብዬ ስለምሰጋ ዝም ማለትን አልመረጥኩም።

የጸሐፊው ክርክር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ነጥቡ የሚሰጠው ለቀንዱ ስፋትና ለቅርንጫፎቹ ብዛት ስለሆነ ከትልቅነት በቀር የሚናገረው ነገር የለም ይላሉ። በግራና በቀኝ ቀንድ መካከል ያለው ልዩነት ከነጥቡ መቀነሱን «ተፈጥሮን መቅጣት» ብለውታል። ልኬቱ ለአዳኙ ጉራ የተፈጠረ እንደሆነና ማንም ቤቱ ተቀምጦ የፈለገውን ቁጥር ሊጽፍ እንደሚችል ይገልጻሉ። በካናዳ የተደረገ ጥናት ጠቅሰውም ትልቅ ቀንድ ማሳደድ መንጋውን እንደሚያቀጭጭ ያስረዳሉ። አባቶቻችን ሳይለኩ አድነዋል፣ ሥጋው ይበቃል፣ የግድ ከሆነም ቅርንጫፍ መቁጠር በቂ ነው የሚልም አለበት። በመጨረሻም የባሌው የደጋ አጋዘን የሚታደነው በዚሁ የነጥብ ሥርዓት ምክንያት ነው ብለው ይደመድማሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በአሜሪካና በካናዳ በስፋት የሚሠራበት የአዳኞች ማኅበር የሆነው የቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ መለኪያ ነው፤ በቀስት ለሚያድኑት መዝገብ የሚይዘው ፖፕ ኤንድ ያንግ ክለብም በዚሁ መለኪያ ይጠቀማል። በዚህ መለኪያ የቅርንጫፎቹ ብዛት ነጥብ አያስገኝም። ከውጭ ወደ ውጭ የሚለካው ትልቁ ስፋትም ነጥብ የለውም። ሁለቱም ለመረጃ ያህል በቅጹ ላይ ይሰፍራሉ እንጂ በድምሩ ውስጥ አይገቡም። የሚደመሩት አራት ዓይነት ልኬቶች ናቸው፤ እነሱም በሁለቱ ዋና ግንዶች መካከል ያለው የውስጥ ስፋት፣ የእያንዳንዱ ግንድ ርዝመት፣ የእያንዳንዱ መደበኛ ቅርንጫፍ ርዝመትና በእያንዳንዱ ቀንድ ላይ በአራት ቦታ የሚወሰድ የግንዱ ዙሪያ ናቸው።

አለካኩም በግምት የሚሠራ አይደለም። ግንዱ የሚለካው ከራስ ቅሉ በላይ ካለው ሻካራ ቀለበት ተነስቶ የውጭውን ጎን በመከተል እስከ ጫፉ ድረስ ነው። ቅርንጫፉ የሚለካው ከግንዱ የላይኛ ጠርዝ ጀምሮ ሲሆን፣ ቅርንጫፍ ተብሎ ለመቆጠር ቢያንስ አንድ ኢንች መርዘምና ርዝመቱም ከወርዱ መብለጥ አለበት። ዙሪያው የሚያዘው ግንዱ በቅርንጫፎቹ መካከል በሚቀጥንበት ቦታ ነው። መሣሪያው ሩብ ኢንች ስፋት ያለው የብረት ሜትር ሲሆን፣ ለጠማማው ክፍል ቀጭን ተጣጣፊ የብረት ገመድም ይፈቀዳል፤ ሁሉም ነገር የሚመዘገበው በስምንተኛ ኢንች ነው። የውስጥ ስፋቱን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ገደብ አለ። ስፋቱ ከረጅሙ ግንድ ርዝመት ከበለጠ ትርፉ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ቀንዱ ከመጠን በላይ ስለተዘረጋ ብቻ ነጥብ አይጨምርም።

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በእያንዳንዱ ወገን አምስት፣ በጠቅላላው አሥር ቅርንጫፍ ያለው አንድ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን እንውሰድ። የውስጥ ስፋቱ 18 ኢንች ነው። ቀኝ ግንዱ 24 ከ4/8፣ ግራው 23 ከ6/8 ኢንች ይረዝማል። የግንዱ ጫፍ ራሱ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ስለሚቆጠር ለብቻቸው የሚለኩት በየወገኑ አራት ናቸው፤ የቀኞቹ ርዝመት ሲደመር 30፣ የግራዎቹ 26 ከ2/8 ኢንች ይሆናል። አራቱ የዙሪያ ልኬቶች በቀኝ 17፣ በግራ 16 ከ4/8 ይሆናሉ። ቀኙ በጠቅላላ 71 ከ4/8፣ ግራው 66 ከ4/8 ስለሆነ ከውስጥ ስፋቱ ጋር ያልተጣራው ነጥብ 156 ይደርሳል። እያንዳንዱ ልኬት ከአቻው ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ልዩነት በድምሩ 5 ኢንች ቢሆን የተጣራው ነጥብ 151 ነው። ከቦታው ውጭ የበቀለ የ2 ከ2/8 ኢንች ቅርንጫፍ ቢኖረው ደግሞ ይህም በመደበኛው ምድብ ስለሚቀነስ 148 ከ6/8 ይሆናል።

ከዚህ ድምር ውስጥ የስፋቱን ድርሻ ይመልከቱ፤ ከ156ቱ 18 ብቻ ነው። የግንዶቹ ርዝመት ከ48 ኢንች በላይ፣ የቅርንጫፎቹ ርዝመት ከ56 በላይ፣ የዙሪያው ውፍረት ከ33 በላይ ይይዛሉ። ርዝመትና ውፍረት ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜና ምግብ የሚሰጧቸው ነገሮች ናቸው። ወንዱ አጋዘን በክረምቱ ብርድ ወራት ቀንዱን ይጥላል፣ በጸደይ እንደገና ማብቀል ይጀምራል፣ በበጋው መጨረሻ ላይ የሸፈነው ከፋይ መሰል ቆዳ ደርቆ ይላቀቃል። በእነዚያ ጥቂት ወራት የሚያድገው አጥንት በአጥቢ እንስሳት ዘንድ ከሚታወቁት እጅግ ፈጣን እድገቶች አንዱ ነው። በዚያ ዓመት ድርቅ ከነበረ፣ እንስሳው ገና ጎረምሳ ከሆነ ወይም መንጋው ከግጦሹ በላይ ከበዛ ይህ በአጥንቱ ላይ ይታያል። ባለ ነጭ ጅራቱ ወንድ የቀንዱ እድገት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜው ነው። አንድ ዓመት ተኩል የሆነው ጎረምሳ በጥሩ መሬት ላይ ስምንት ቅርንጫፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ግንዱ ግን ቀጭንና አጭር ነው። ቅርንጫፍ የሚቆጥር ሰው ይህን ጎረምሳ ከአዛውንቱ አይለየውም፣ ሜትር የያዘ ሰው ግን ይለየዋል።

ስለ ቅነሳው የሚሰጠው ትችት ጠንከር ያለ ነው፤ ብዙ አሜሪካውያን አዳኞችም ይጋሩታል። እንስሳው ያበቀለውን አጥንት ለምን እንቀንሳለን የሚለው ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ መልሱ ከታሪኩ መጀመር አለበት። ክለቡን በ1887 ያቋቋሙት ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ጆርጅ በርድ ግሪኔልና ጓደኞቻቸው ሲሆኑ፣ የክለቡ የመጀመሪያ የልኬት መዝገብ የወጣው በ1932 ነው። ያ መዝገብ እንስሳቱን ያሰለፈው በአብዛኛው በአንድ ልኬት፣ ለምሳሌ በረጅሙ ቀንድ ርዝመት ነበር። ይህ በቂ እንዳልሆነ ስለታመነበት አንድ ኮሚቴ ሠርቶበት በ1950 አሁን የምንጠቀምበት ሥርዓት ጸደቀ። ኮሚቴው የጠየቀው ጥያቄ «ይህ ወንድ የዝርያውን የተለመደ ቅርጽ ምን ያህል ሙሉ አድርጎ አሳይቷል?» የሚል ነበር፤ የሁለቱ ወገን መመጣጠን የዚያ ቅርጽ ክፍል በመሆኑ ልዩነቱ ይቀነሳል። ቅርጹ ለወጣው ቀንድ ኢ-መደበኛ የሚባል ሌላ ምድብ አለ፤ በዚያ ምድብ ከቦታው ውጭ የበቀለው ቅርንጫፍ ሁሉ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። ቅነሳን ጨርሶ የማይቀበል፣ የውስጥ ስፋትንም ከድምሩ የሚያስወጣ የባክማስተርስ መለኪያም አለ። ስለዚህ ያልተስማማው አዳኝ አማራጭ አያጣም።

እኔ ግን ቅነሳውን የምደግፍበት ሌላ ምክንያት አለኝ፤ ጸሐፊውም ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። በቅጹ ላይ እያንዳንዱ የግራና የቀኝ ልኬት ጎን ለጎን ስለሚሰፍር፣ የልዩነቱ ዓምድ ራሱ የእንስሳውን ሕይወት ይናገራል። የኋላ እግሩ ክፉኛ የተጎዳ አጋዘን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ወገን ያለው ቀንዱ ይቀጭጫል ወይም ይጣመማል። ቀንዱ የሚበቅልበት የራስ ቅል አጥንት ከተሰነጠቀ ደግሞ በዚያው ወገን ያለው ቀንድ ዓመት በዓመት ተዛብቶ ሊወጣ ይችላል። በፍልሚያ የተሰበረ ቅርንጫፍም በዚያው ዓምድ ላይ ይታያል። ከ156 አምስት ኢንች ጎደለ የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከግራው ሁለተኛና አራተኛ ቅርንጫፍ መጉደላቸውን የሚያነብ ሰው ግን ሬሳውን ዞር ብሎ እንዲመረምር ምክንያት ያገኛል። አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፦ ቁጥሩን የሚናገር አዳኝ የተጣራውንም ያልተጣራውንም አብሮ መናገር ይኖርበታል፤ አንዱን ብቻ መጥራት ለሰሚው ግማሹን መደበቅ ነው።

ልኬቱ የአዳኝ ጉራ ነው የሚለውን ክስ መዝገቡ ራሱ ይመልሰዋል። በኢ-መደበኛው ምድብ በዓለም ትልቁ ተብሎ የተመዘገበው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን 333 ከ7/8 ነጥብ አለው። ይህ አጋዘን በ1981 በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ካውንቲ ሞቶ የተገኘ ነው፤ ማንም አዳኝ አልገደለውም። ቀጥሎ ያለው 328 ከ2/8 ነጥብ ያለው የኦሃዮ አጋዘንም እንዲሁ በ1940 ሞቶ የተገኘ ነው። ጉራን ለማስተናገድ የተሠራ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ገዳይ የሌላቸውን እንስሳት በአናቱ ላይ ባላስቀመጠም ነበር።

የጀምስ ጆርዳን ታሪክ ደግሞ ከዚህ በላይ ያስረዳል። ጆርዳን በ1914 በዊስኮንሲን ግዛት ዳንበሪ በምትባል ቦታ አቅራቢያ አንድ አጋዘን ገደለ፤ የአጋዘኑን ራስ እንዲያደርቅለት የሰጠው ባለሙያ ከአካባቢው ለቆ በመሄዱ ቀንዱ ጠፋ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ቀንድ በሚኒሶታ ግዛት በአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ በጥቂት ዶላር ተሸጠ። ሲለካ 206 ከ1/8 ሆኖ ተገኘና በ1971 የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተመዘገበ፤ በአዳኙ ስም ቦታ ግን «አይታወቅም» የሚል ተጻፈ። ጆርዳን ገዳዩ መሆኑ የታመነለት በ1978 ሲሆን፣ እሱ ይህን ሳይሰማ ጥቂት ቀደም ብሎ አርፏል። ለዓመታት መዝገቡ ውስጥ የኖረው እንስሳው ነው፤ የሰውየው ስም የተጨመረው ዘግይቶ ነው። በ1993 በካናዳ ሳስካችዋን የተገደለውና 213 ከ5/8 ነጥብ ያለው አጋዘን እስኪበልጠው ድረስም በመደበኛው ምድብ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል።

ማንም የፈለገውን ቁጥር ሊጽፍ ይችላል የሚለው በቤት ውስጥ ለሚደረግ ልኬት እውነት ነው፤ ለመዝገብ ግን አይሠራም። ቀንዱ ቢያንስ ለ60 ቀናት በተለመደ የቤት ሙቀት ሳይደርቅ በይፋ አይለካም፤ ምክንያቱም ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የራስ ቅሉም ሲደርቅ የውስጥ ስፋቱ ይጠባል። የራስ ቅሉ ከተሰነጠቀ ስፋቱን ማመን ስለማይቻል ክለቡ አይቀበለውም። የሚለካው በክለቡ የሠለጠነና ያለ ክፍያ የሚሠራ ለኪ ነው፤ አዳኙም በፍትሐዊ መንገድ ስለማደኑ ፈርሞ ያረጋግጣል። ክብረ ወሰን የሚሰብር ቀንድ ከሆነ ደግሞ በዳኞች ጉባኤ ፊት እንደገና ይለካል። በኅዳር አጋማሽ የተገደለ አጋዘን በይፋ የሚለካው በጥምቀት ሰሞን ነው ማለት ነው፤ ለመፎከር የቸኮለ ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ የሚጠብቅ አይመስለኝም። ለመደበኛው ባለ ነጭ ጅራት ወደ ዋናው መዝገብ የሚያስገባው ዝቅተኛ ነጥብ 170፣ በፖፕ ኤንድ ያንግ ደግሞ 125 ነው፤ ከላይ በምሳሌ ያነሳሁት ባለ 151 አጋዘን ከሁለተኛው እንጂ ከመጀመሪያው አይገባም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነጥብ እመጣለሁ። ጸሐፊው የጠቀሱት ጥናት በ2003 የታተመ፣ በአልበርታ ግዛት ራም ማውንቴን በሚባል ተራራ ላይ ያሉትን የዱር በጎች ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ነው። ጥናቱ ከባድ ማስጠንቀቂያ የያዘ ነው፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የተጠናው እንስሳ አጋዘን አይደለም። የዱር በግ ቀንድ አይወድቅም፤ ከልደት እስከ ሞት እየጨመረ ይሄዳል። በዚያ ተራራ የነበረው ሕግ ቀንዱ አራት አምስተኛ ያህል የተጠቀለለ ወንድ እንዲገደል ይፈቅድ ነበር። በዚህ የተነሳ ቀንዱ ቶሎ የሚያድግለት በግ በስሪያ የሚያሸንፍበት ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ለመገደል ይበቃል፤ ቀንዱ ቀስ ብሎ የሚያድገው ግን ኖሮ ይወልዳል። መንጋው ትንሽና ገለልተኛ በመሆኑም ጉዳቱ ቶሎ ታየ። ጥፋቱ የነበረው በሕጉ ውስጥ ነው፤ ይህንንም ጥፋት ያጋለጠው በየዓመቱ የተወሰደ የቀንድ ልኬት ነው። ሜትሩ ባይኖር ኖሮ ጸሐፊው የሚጠቅሱት ጥናትም አይኖርም ነበር።

ለአጋዘን የሚቀርበው ማስረጃ ከሚሲሲፒ ግዛት ነው። ግዛቱ በ1995 ከአራት ያላነሰ ቅርንጫፍ የሌለው ወንድ እንዳይገደል ደነገገ። ሐሳቡ ጎረምሶችን ማዳን ነበር። ይሁንና ተመራማሪዎች የተገደሉትን አጋዘኖች ቀንድ ሲለኩ፣ ሕጉ በአንዳንድ ቦታዎች ጥሩ ያበቀሉትን ጎረምሶች ለጥይት አሳልፎ እየሰጠ ደካሞቹን እንደሚያተርፍ አዩ፤ በዕድሜ ከፍ ባሉት ወንዶች ላይም የቀንድ መጠን መቀነሱን አረጋገጡ። ከዚያ ግዛቱ ቆጠራውን ትቶ ወደ ውስጥ ስፋትና ወደ ግንድ ርዝመት ዞረ። «የግድ ከሆነ ቅርንጫፍ መቁጠር ይበቃል» ለሚለው የጸሐፊው ምክር ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም፤ ምክሩ በሕግ ደረጃ ተሞክሮ ጎድቷል።

ቴክሳስ በ2002 በስድስት ካውንቲዎች የጀመረችው ደንብ በልኬት ላይ የቆመ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሕጋዊ የሚሆነው የውስጥ ስፋቱ ቢያንስ 13 ኢንች የሆነ ወንድ፣ ወይም ቢያንስ አንዱ ቀንዱ ቅርንጫፍ የሌለው ወንድ ነው። አዳኙ ይህን በርቀት የሚገምተው በጆሮዎቹ ነው፤ አጋዘኑ ነቅቶ ጆሮዎቹን ሲቀስር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት 13 ኢንች ያህል ስለሆነ፣ ቀንዱ ከጆሮዎቹ ውስጥ ከቀረ ጥይቱን ይይዛል። ደንቡ ጎረምሶችን ስላዳነ ዛሬ ከ100 በላይ ካውንቲዎች ውስጥ ይሠራበታል። ቀንድ ለክቶ የማያውቅ አዳኝ ይህን ግምት በጫካ ውስጥ በጥቂት ሰከንዶች ሊወስን አይችልም፤ ዓይኑ የሚሠለጥነው ቤት ውስጥ በሜትሩ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ2013 የታተመ ጥናት ከቡን ኤንድ ክሮኬት መዝገብ ከ20,000 በላይ ልኬቶችን ወስዶ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል መረመረ። በብዙዎቹ ምድቦች መጠነኛ መቀነስ ተገኘ፤ አጥኚዎቹ ከሁሉ የበለጠ ድጋፍ ያገኙለት ማብራሪያም ወንዶቹ በብዛት ስለሚገደሉ የሚቀሩት በዕድሜ እየወረዱ መምጣታቸው ነው። የዘር መበላሸት ያን ያህል ድጋፍ አላገኘም። ይህ ለጸሐፊው ስጋት ከፊል ማረጋገጫ ነው፤ መፍትሔው ግን ወንዱን እስኪጎለምስ መተው ሲሆን፣ ለዚህም መጎልመሱን የሚያሳይ መለኪያ ያስፈልጋል። በአጋዘን ላይ የተደረጉ የዘር ምርመራዎች እንደሚያሳዩት ወጣት ወንዶችም ከሚወለዱት ግልገሎች ጥቂት የማይባል ድርሻ አላቸው፤ እናቲቱም ስለ ቀንድ ግማሹን ዘር ትሰጣለች። ስለዚህ በሰፊ አገር የሚኖርን መንጋ አንድ አዳኝ ትልቅ ወንድ በመግደሉ ያቀጭጨዋል ማለት ለአጋዘን የሚያስኬድ አይደለም።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል የሆኑበት ቦታ አለ፤ እሱም በአጥር ውስጥ የሚረባው አጋዘን ነው። ቁጥሩ ዋጋ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ኢንች ገንዘብ ሲከፈል፣ አራቢው ሰውነቱ ሊሸከመው የማይገባ ቀንድ ያለው እንስሳ ያወጣል። ከዚህም የከፋው የታሰሩ አጋዘኖችን ከግዛት ግዛት ማጓጓዝ ነው፤ በ1967 በኮሎራዶ በተያዙ አጋዘኖች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና እያመነመነ የሚገድለው የፕሪዮን (የተበላሸ ፕሮቲን) በሽታ መድኃኒት የለውም። ቡን ኤንድ ክሮኬት በረጅም አጥር ውስጥ የተገደለን አጋዘን አይመዘግብም። ይህን መከልከሉን እደግፋለሁ፤ ጸሐፊው ቁጣቸውን በዚህ ላይ ቢያሳርፉ ኖሮ ከጎናቸው በቆምኩ ነበር።

ስለ አባቶቻችን የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ግዳይ የጣለ ሰው ማስረጃ ሳያሳይ ፎክሮ የሚታመንበት ዘመን አልነበረም፤ የአውሬው ክፍል በሰው ፊት ቀርቦ ይመሰከርለታል። ሜትር አልያዙም፣ ምስክርነትን ግን አልተዉም። ሥጋውን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። አጋዘን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት እንስሳት መካከል የተቆጠረ ነው፤ ሥጋን ማባከንም በብዙ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነው። በኅዳር የተገደለው አጋዘን ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገናኝ ብዙዎቻችን በማቀዝቀዣ አስቀምጠን ለገና እናወጣዋለን። ቀንዱን የለካ ሰው ሥጋውን ጣለ የሚል ማስረጃ ጸሐፊው አላቀረቡም፤ እኔም አላየሁም።

የባሌው ጉዳይ ሲነሳ ሁላችንንም ያመናል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ መነጋገር አለብን። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋማ ቦታዎች በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ለሳይንስ የታወቀውም ከ1908 ወዲህ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ እንስሳ ከላይ ከተነጋገርንበት አጋዘን ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም፤ ቀንዱ ቅርንጫፍ የለውም፣ አይወድቅም፣ ጠምዘዝ ብሎ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የሚለካውም በቡን ኤንድ ክሮኬት ቅጽ አይደለም፤ ያ ክለብ የሚመዘግበው የሰሜን አሜሪካን እንስሳት ብቻ ነው። የአፍሪካ እንስሳት የሚመዘገቡባቸው ሌሎች ድርጅቶች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል የሮውላንድ ዋርድ መዝገብ ከ1892 ጀምሮ የቆየ ነው። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ አደን ክልክል ሲሆን፣ ከፓርኩ ውጭ በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች የሚገደለው በመንግሥት በሚወሰን ኮታ ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው «በነጥቡ ምክንያት ይገደላል» ሲሉ ኮታውን የሚወስነውን አካል ጥያቄ ውስጥ ሳያስገቡ ሜትሩን ይከሳሉ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በእነዚያ ቀበሌዎች ለአሥርት ዓመታት የተገደሉት ወንዶች የቀንድ ርዝመት፣ የሥሩ ዙሪያና የጥርስ ዕድሜ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ቢታተም ወንዶቹ እያነሱና በዕድሜ እየወረዱ መሆን አለመሆናቸውን መናገር ይቻላል። እየወረዱ ከሆነ ኮታው መቀነስ፣ ምናልባትም መቆም አለበት፤ ይህን የምለው አዳኝ ሆኜ ነው። በራም ማውንቴን የሠራው ዓይነት ልኬት ለደጋ አጋዘን ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩ ጥቂት፣ መኖሪያው ጠባብ ነውና።

ጸሐፊው በመጨረሻ «ታዲያ ቁጥሩን ምን እናድርገው?» ብለው ጠይቀዋል። ቁጥሩ ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ነው መልሱ። አጋዘን የገደለ ሰው ቅጹን ሲሞላ የተገደለበትን ቀንና ካውንቲ፣ የተበለተውን የሰውነት ክብደት፣ በጥርሱ መበላት ወይም በጥርስ ቀለበት ቆጠራ የተገኘውን ዕድሜ አብሮ ይጻፍ። የታችኛውን መንጋጋ አይጣል፤ የግዛቱ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች በምርመራ ጣቢያዎች ሲጠይቁ ይስጣቸው። ቀንዱ 120ም ይሁን 170፣ ዕድሜውና ቦታው የተጻፈበት ልኬት በሚቀጥለው ዓመት የአደን ደንብ ሲወጣ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ይውላል።